የማይቧጭር ድንጋይ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ለፋሲካ ተሰብስበው መጥተው፣ ትንሿ የልጅ ልጄ ሙዳዬን ከፍታ ስትበረብር፣ ከመስቀሌና ከጨሌዬ መሐል አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጣች። የርግብ እንቁላል ያህላል። «እማማ፣ ድንጋይ ከወርቅ ጋር ታስቀምጫለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ታላቅ እህቷ ተቀበለቻትና ወደ ደጅ ልትወረውረው እጇን አነሣች። ያኔ እንዴት እንደጮህኩ እኔም እንጃ። እኔ በልጅ ላይ ጮኼ አላውቅም። ልጅቱ ደንግጣ ድንጋዩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ፤ እኔ ደግሞ ከሷ ብሼ ደነገጥኩ። «በይ እንግዲህ ንገሪን፤ ምን ጉድ ያለበት ድንጋይ ነው?» አሉ።

ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ከነዚሁ ልጆች ደብተር ላይ ነው። እጄ ቀስ ይላል፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ዳር ዳሩን መሄድ ይወዳል። ታገሡኝ፣ እደርሳለሁ።

የተወለድኩት ደጋ ነው፤ ከጊች ወዲያ፣ ከገብስ በቀር የማይበቅልበት፣ ጧት ጧት ውርጭ ሣሩን ጨው የነሰነሱበት የሚያስመስልበት አገር። በቤታችን እህል በአቁማዳ፣ ጠላ በቀንድ ዋንጫ፣ ወተት ከእንጨት በተፈለፈለ ዕቃ ነበር። ሸክላ በበቅሎ ተጭኖ፣ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ከታች ይመጣል፤ ከመጣውም ግማሹ ገል ሆኖ ይደርሳል። ማን እንደሚሠራው፣ እንዴት እንደሚሠራው ጠይቄ አላውቅም። ዝናብ ማን ይሠራዋል ብሎ የሚጠይቅ አለ?

እኔ ከትንሽነቴ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ገደል ዳር የወደቀ የጭላት ላባ አነሣለሁ። ውርጭ የሰነጠቀው ድንጋይ ሆዱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዞ ሳገኝ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሳገላብጠው እውላለሁ። የደረቀ የጅባራ ግንድ ነፋስ ሲገባበት እንደ ሰው ሲያንጎራጉር፣ ጆሮዬን ለጥፌ ከብቱን እረሳለሁ። እናቴ «ይች ልጅ የወደቀውን ስታነሣ የቆመው ያመልጣታል» ትል ነበር።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከዳባት በታች ወዳለ መንደር ዳሩኝ። ባሌ ደግ ነው፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ቤቱ ግን የአማቴ ነበር። የባሌ አባት ከሞተ ቆይቷል፤ በሕይወት ሳለ በቅሎ እየነዳ የሚነግድ ሰው ነበርና፣ አማቴን ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ነው አግብቶ ያመጣቸው። ወላጅ የሞተባቸው ናቸው ይባላል። ዘመድ ሲመጣላቸው አይቼ አላውቅም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው መንገድ የሚለቅላቸው ሴት ነበሩ። እሜቴ እላቸዋለሁ።

አንድ ነገራቸው ግን ያስደንቀኝ ነበር። ቤት አዲስ ሸክላ ሲገባ ብድግ ያደርጉታል፣ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ይኼ ያፈሳል፤ መልሱት» ይላሉ። ሳይመለስ ከቀረ በማግሥቱ ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። እኔ አፌን ይዤ እቀራለሁ። «እሜቴ፣ በምን አወቁ?» ስላቸው፣ «ያረጀ ሰው ምን የማያውቀው አለ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ግን ገበያ ሄደው ሸክላ መርጠው አያውቁም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚልኩ።

አንድ ቀን የውሃ እንስራችን ተሰበረና እኔን ላኩኝ። ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የቤተ እስራኤሎቹ መንደር አለ። ያኔ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ ዛሬ ያን ስም በአፌ አላዞረውም። እኔ ደገኛ ነኝ፣ ስለነሱ የማውቀው የለኝም። ቁልቁል ወርጄ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ደረስኩ፤ ሴትዮዋ ጎጆዋ ጥላ ሥር ተንበርክካ አንድ ገንቦ ትሠራለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ያነሰ፣ ከኔ የበዛ ነው።

ጭቃውን ከተወቀጠ ገል ጋር ለውሳ፣ እንደ እባብ እያድቦለቦለች ትደርበዋለች፤ ከዚያ በቅል ስባሪ ትፍቀዋለች። እስከዚህ ድረስ ጭቃ ነው፣ ጭቃ አይቼ አውቃለሁ። አንዱን አስቀድማ ያደረቀችውን ሳበችና ከመቀነቷ ትንሽ ድንጋይ ፈትታ፣ እርጥብ አድርጋ የገንቦውን ሆድ ታሸው ጀመር። ልጆቼ፣ ድንጋዩ ባለፈበት ሁሉ ጭቃው ዓይኑን ገለጠ። አሁን አፈር የነበረው አሁን ያበራል። የሷ ጣት፣ የሰማዩ ብርሃን፣ የኔ ቀይ መቀነት ሳይቀር እዚያ ሆድ ላይ ሲሄድ አየሁት። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ተሠርቶ ያለቀ ውበት መሬት ላይ ስለቅም፣ ይች ሴት ግን ከመሬት ውስጥ ታወጣዋለች። ክው ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተንደርድሬ እጇን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«አትንኪኝ!»

ከተቀመጠችበት ዘላ ወደ ኋላ ወደቀች። ገንቦው ተንከባለለ። እኔ ደግሞ ነብር ያየች ፍየል መስዬ ደርቄ ቀረሁ።

«አንች ሙሽራ፣ ጤና የለሽም?» አለችኝ ቀሚሷን እያራገፈች። «ጀንበር እስክትጠልቅ ከቤቴ ደጅ ልታውዪኝ ነው? በዚህ ብርድ ወንዝ ልትነክሪኝ?»

«ምን አደረግሁ እትዬ? እጅዎን ልስም ነበር እኮ!»

«እትዬ!» አለች። ፊቷ ላይ ንዴቱና ሳቁ ተጋጩ። «የማን ልጅ ነሽ? ከሰማይ ነው የወረድሽ?»

«ከጊች በላይ ነኝ።»

«እንዳልኩት ነዋ፤ ከሰማይ ነሽ።» ሳቁ አሸነፋት። ከዚያ እንደ ልጅ አስረዳችኝ። በነሱ ሕግ ከኛ ሰው ጋር የተነካካ ወንዝ ወርዶ እስኪታጠብና ጀንበር እስክትገባ ቤቱ አይገባም። «እኛ እናንተን እንሸሻለን፤ እናንተ ደግሞ በዓይናችሁ ትበሉናላችሁ ብላችሁ እኛን ትሸሻላችሁ። መሐል ለመሐል የሚመላለሰው ሸክላው ብቻ ነው» አለችኝ። እንስራውን መሬት አስቀምጣ ወደ ኋላ ራቀች። እኔ ቀረብ ብዬ አነሣሁት።

ቤት ስደርስ አማቴ እንስራውን ኳ ኳ አደረጉት። ረጅም ጊዜ አዳመጡት። ይመለስ አላሉም። በመዳፋቸው ሆዱን አንድ ጊዜ ዳሰስ አደረጉትና፣ «እጇ በስሏል» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለእንስራው።

ከዚያ ወዲያ እግሬ ወደዚያው ሆነ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ከሷ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከወንዝ የለቀምኳቸውን ድንጋዮች መሬት ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ እሷ አንሥታ በጭቃው ላይ ትሞክራቸዋለች። «ይኼ ይቧጭራል፣ እንደ አማት ምላስ!» ትልና ትወረውረዋለች። «ያንችውስ አይቧጭርም?» ስላት፣ «ይቧጭራል እንጂ። የእናቴ ነበር የማይቧጭር። ከመቶ ድንጋይ አንድ ነው እንዲህ ያለ» አለችኝና ዝም አለች።

መንደሩ ግን ዝም አላለም። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ይጠቃቀሳሉ። «እትዬ ትላታለች አሉ!» ትላለች አንዷ። «ተያት፣ ስትበላ ታውቀዋለች» ትላለች ሌላዋ። ወሬው አማቴ ዘንድ ደረሰ።

«ልጄ፣ አትሂጅ» አሉኝ።

«ለምን እሜቴ? ስታሸው እኮ አይተዋት አያውቁም! ጭቃው እንደ ውሃ—»

«አትሂጅ አልኩሽ።» ከዚያ እንጨት እየሰበሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ከላይ ወደ ታች ነው የምታሸው ወይስ ዙሪያውን?» አሉኝ።

«ዙሪያውን።»

«ይሁን» አሉ።

በዚያው ክረምት ተስቦ ገባ። ከየቤቱ ሰው ወደቀ። ከማዶው መንደር አንድ ታማሚ ብረት ቀጥቃጩን በልቶኛል ብሎ ጠራ ተባለና፣ ጎረምሶች የቀጥቃጩን ቤት አቃጠሉት፤ ሰውየውንም ደብድበው እጁን ሰበሩት። መዶሻ የሚይዝበትን እጁን። ሳምንት ሳይሞላ እኔም ወደቅሁ።

ልጆች፣ የኛ አገር ሥራ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ሲታመም ቡዳ በልቶት ይሆናል ይባላል። አዋቂ ይጠራል። አዋቂው መራራ ሥር ያጨስና ታማሚውን ከነጋቢው ይሸፍነዋል፤ «ማነህ? ከየት መጣህ?» እያለ ያስጨንቀዋል። ታማሚው ሲለፈልፍ የማንን ስም ከጠራ፣ በላተኛው ያ ሰው ነው። ከቤቱ ተጎትቶ ይመጣና ታማሚው ላይ እንትፍ ይላል። ታማሚው ቢድን ባይድን፣ የተጠራው ሰው ግን አይድንም፤ ወይ ቤቱ ወይ አጥንቱ ይቀራል።

ጢሱን አስታውሳለሁ። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ደጅ ላይ የዱላ ጫፍ መሬት ሲመታ ይሰማኛል። ትኩሳቱ ውስጥ ሆኜም አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ ሁሉም የሚጠብቁት የማንን ስም እንደሆነ። አፌን በጥርሴ ለመያዝ ሞከርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። የቀረውን ጎረቤታችን ናት የነገረችኝ፤ እኔን ልታስታምም ገብታ ጓዳ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

እኔ እለፈልፋለሁ፣ ድምፄ ግን ደክሞ አይሰማም። አማቴ ራስጌ ተቀምጠዋል። «እስቲ ዞር በሉ፤ እኔ ልስማት» አሉና ጆሯቸውን አፌ ላይ ደፉ። ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደጅ ወጡ። ጎረምሶቹ ከበቧቸው።

«ተናገረች» አሉ።

«ማን ናት? ያችው ናት?» ዱላው ሁሉ ከፍ አለ፣ ሁሉም ወደ ወንዙ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ።

አንዱ ጎረምሳ ሣቅ ጀምሮ አቋረጠው። አዋቂው ሣል ያዘው።

«ኧረ እሜቴ፣ ታማ ነው፣ የምትለውን—»

«የሌላ ሰው ስም ብትጠራ ታማ ነው ትሉ ነበር? እኔን ጠራች። ቤቴ ይኸው። ሊያቃጥል የመጣ ያቃጥል። ልጄም የናንተ ጓደኛ ነው፣ ከፈለጋችሁ ክብሪቱን እሱ ይያዝላችሁ።»

ማንም አልተነቃነቀም። በየለቅሶው ስንቅ ይዘው የሚደርሱ፣ ቄሱ ቆመው የሚያናግሯቸውን ሴት ማን ይነካል? አዋቂው መሬት መሬት እያየ፣ «እንግዲህ… እንትፍ ይበሉባት» አለ። ገቡና እንትፍ አሉብኝ። ከዚያ ጢሱን በውሃ አጥፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ ንፋስ አስገቡ። ዱላው አንድ አንድ እያለ ወደየቤቱ ተበተነ።

እኔ ዳንኩ። ብዙ ሰው አልዳነም፤ ለምን እኔ እንደዳንኩ የሚያውቅ እሱ ነው። መቀመጥ ስችል ጎረቤቴ ይኼን ሁሉ ነገረችኝ። እናቴ እንኳ ከዚህ አብልጣ የማታስታምመኝን ያህል ያስታመሙኝን ሴት፣ ሌት ከቀን ውሃ በጠብታ ያጠጡኝን ሴት፣ ቡዳ ናቸው ብዬ ነበር ማለት ነው! ሞቴን ተመኘሁ። በወጉ መሠረት ከአጥር ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቼ፣ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ እሜቴ፣ እኔ አልነበርኩም የተናገርኩት» እያልኩ አለቅሳለሁ።

አማቴ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአንገቴ አነሡ። ቁልቁል አገላበጡት። «ይኼ ሻካራ ነው» አሉ። «አንገትሽን ቧጨረሽ። ድንጋይ መምረጥ ታውቂያለሽ ስትባይ ይኼን ታነሻለሽ?» ወረወሩት። «ምን አደረግሽና ነው ይቅር የምልሽ? ተነሽ፣ እሳቱ ጠፋ።»

ይቅርታውን እሳቸው ሰጡኝ፤ መንደሩ ግን አልሰጣቸውም። በፊታቸው ማንም ምንም አላለም። ነገር ግን ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ ከጎናቸው ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቤታችን ቡና ጠጪ ብለን ጎረቤት ስንጠራ፣ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄደ። አማቴ አንድ ቀን አላማረሩም፤ ያን ባዶ ቦታ ሳይ ግን እኔ በየእሑዱ አዲስ እደነግጣለሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው እላለሁ። በምን ልካሳቸው? ከወንዝ የማገኘውን ቆንጆ ነገር ሁሉ አመጣላቸው ነበር፤ ድንጋይ፣ ላባ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ የወፍ እንቁላል ቅርፊት። እሳቸው እየተቀበሉ መስኮቱ ሥር ይደረድሩታል። እንስራዋም በቦታዋ ቆየች። ጧት ብርሃን ሲገባ ሆዷ ላይ ያርፋል፤ አማቴ ሲያልፉ በመዳፋቸው ይነኳታል፣ እንደ ልጅ ራስ።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ክረምት አማቴ ታመሙ። ሊያርፉ ሲሉ እኔን ብቻ ጠሩ። ከመቀነታቸው እጥፋት፣ ሥጋቸው ላይ ታስሮ ከኖረ ጨርቅ፣ ይኼን ጥቁር ድንጋይ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ሞቆ ነበር።

«ያዥው። ይኼ አይቧጭርም» አሉኝ።

ያን ከአንገቴ ላይ ያነሡልኝን ድንጋይ አስታውሰው፣ እየቀለዱብኝ ነው ብዬ ነበር። እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ድንጋዩን ሙዳዬ ውስጥ አኖርኩት። እንዲህ ያለ ልስላሴ ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ ወንዝ ብቻውን ይኼን አይሠራም፣ የሰው እጅ ብዙ ዘመን የሄደበት ነገር ነው። ይኼን ያህል ልብ አልኩ። ከዚህ አልፌ አልጠየቅሁም።

ብዙ ዓመት አለፈ። መንግሥትም ተለወጠ፣ እኔም አረጀሁ። ቤተ እስራኤሎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄዱ ነው የሚባል ወሬ መጣ፤ አንዱ ቤት ከአንዱ ቤት እየተከተለ ባዶ ይሆናል። እትዬ ሳትሄድ ልሰናበታት ብዬ በዱላዬ ቁልቁል ወረድኩ። ምን ልስጣት? ያለኝ ውብ ነገር ይኼው ድንጋይ ነው። ሸክላ ለሚሠራ ሰው ይሻላል ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ፀጉሯ ጥጥ ሆኗል። እንደ ድሮው ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩላትና ወደ ኋላ ራቅሁ። አነሣችው። በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አሸት አደረገችው። ከዚያ እንደዚያ ቀን፣ እጇን ልስም እንዳልኩት ቀን፣ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች።

«ከየት አመጣሽው?»

«አማቴ ናቸው የሰጡኝ።»

«የእናቴ ድንጋይ ነው!» አለች። ድንጋዩን ጉንጯ ላይ አደረገችው። «የእናቴ፣ የማይቧጭረው! እናቴ ለታላቅ እህቴ ሰጠቻት፤ እህቴም በቅሎ ነጂውን ተከትላ፣ ተጠምቃ፣ ስትሄድ ከቤታችን የወሰደችው ይኼን ብቻ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። በኋላ እኔ ወደዚህ ተዳርኩ፣ እሷ ከላይ ካለው መንደር መሆኗን ያወቅሁት ገበያ ላይ አይቻት ነው፤ እሷም አየችኝ። ያወቀን የለም። ብናገር ቤቷ ይፈርሳል፤ ዝም አልኩ። ዝም አለች።»

መሬት ተቀመጥኩ። ያ ኳ ኳ። ያ «ዙሪያውን ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች?» ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«እንግዲያው ያን ቀን» አልኳት፣ «ያን ቀን በታመምኩ ጊዜ እኔ እሳቸውን ጠርቼ… እኔ ያን ሁሉ ዓመት—»

እትዬ ድንጋዩን መዳፌ ላይ አኖረችው፤ መሬት ላይ አይደለም፣ መዳፌ ላይ።

«የጠራሽው እኔን ነበር» አለችኝ። «እትዬ፣ እትዬ እያልሽ። እህቴ በማግሥቱ ጧት ውሃ ልትቀዳ መስላ ወንዝ ወርዳ ነገረችኝ። ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችው። ያን ቀን አልታጠብኩም።»